ተጠሪነታችን በቅድሚያ ሰልፍ ላይ ለቆመው ሰው ነው
በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በሚሠሩ ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ላይ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

የዚህ ማኅበር አባላት በበጎ አድራጎትና በልማት ድርጅቶች ተቀጥረን የምንሠራ የፕሮጀክት አስተባባሪዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ሾፌሮች፣ ነርሶች፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና መረጃ ሰብሳቢዎች ነን። ደመወዛችን የሚከፈለው ለሌላ ሰው ተብሎ ከተሰጠ ገንዘብ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ስንሠራ አያየንም፤ የተሰጠለት ሰው ደግሞ ስንት እንደተሰጠለት አያውቅም። አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው። በሙያችን የሚነሡት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ምንጫቸው ይኸው ነው።

በአገራችን የሥነ ምግባር ደንብ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚሠሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ተሰባስበው የጋራ ደንብ አጽድቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከእርሱ በፊት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሽሮ፣ ዘርፉ ራሱን በራሱ እንዲቆጣጠር ምክር ቤት እንዲቋቋም አድርጓል፤ የዘርፉን የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣትንም ከምክር ቤቱ ተግባራት አንዱ አድርጎታል። ከዚህ በታች እያንዳንዱ ድርጅት የፋይናንስ፣ የግዥ፣ የሕፃናት ጥበቃና የሰው ኃይል መመሪያ አለው። ሆኖም እነዚህ ሰነዶች በአብዛኛው የሚናገሩት ለድርጅት ነው። የፈረሙት ድርጅቶች ናቸው፤ የሚጠየቁትም ድርጅቶች። ሠራተኛው ሥራ በሚጀምርበት ቀን ከቅጥር ውሉ ጋር የተያያዙትን ገጾች ብዙውን ጊዜ ሳያነብ፣ አንዳንዴም በሚገባ በማይረዳው ቋንቋ ተጽፈው፣ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ከፋይል የሚወጣው አንድ ሰው ሊሰናበት ሲል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የተጠያቂነቱ አቅጣጫ ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ለለጋሹ ይሄዳል፤ የዓመቱ ሪፖርትና የኦዲት ውጤት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይገባል፤ የሥራ ክንውኑ ለወረዳውና ለዞኑ ይቀርባል። ሁሉም ወደ ላይ ነው። በስሟ በጀት የተያዘላት እናት ግን ፕሮጀክቱ ስንት ብር እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግላትና መቼ እንደሚያልቅ በቋንቋዋ የነገራት ሰው ብዙውን ጊዜ የለም።

ስለዚህ የማኅበራችን አቋም የሚከተለው ነው፤ በዘርፉ የሚሠራ ባለሙያ ሥነ ምግባር የግል ግዴታ ነው፣ በድርጅቱ መመሪያ አይተካም። የግዴታውም የመጀመሪያ ባለቤት አገልግሎት ፈልጎ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። የለጋሹ፣ የቦርዱና የመንግሥት ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ በተጋጩበት ቦታ አባሎቻችን በማን በኩል እንደሚቆሙ ከወዲሁ እንዲታወቅ ይህን መግለጫ አውጥተናል።

የስም ዝርዝሩ

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወደ ትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ መላ አገሪቱ የሚሄደው የምግብ እርዳታ በአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅትና በዓለም ምግብ ፕሮግራም ታገደ። ምክንያቱ ምግቡ በሰፊው ከታለመለት ሰው ውጭ መዋሉ ስለተደረሰበት ነበር። እገዳው ለወራት ቆየ። በዚያን ጊዜ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። ማን ምን ያህል እንደወሰደ መበየን የእኛ ሥልጣን አይደለም። ልንናገረው የሚገባን ግን አለ፤ እህል ከመጋዘን ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲደርስ የጫነ ሰው ነበረ፤ የወጪ ደረሰኝ የቆረጠ ነበረ፤ ባልነበረበት ሥርጭት ላይ ተገኝቻለሁ ብሎ የፈረመ ነበረ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ፈርተው፣ አንዳንዶቹ ተካፍለው ሊሆን ይችላል። ቅጣቱ ግን ከሁሉም ይልቅ የወረደው ምንም ባላጠፋው ላይ ነው። በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ አተር ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት የሚጠብቅ ሰው ይህ ሲቀርበት የሚሄድበት ሌላ ቢሮ የለውም።

ከዚህ የተማርነው ሥነ ምግባር ከሁሉ በፊት የሚፈተነው በስም ዝርዝር ላይ መሆኑን ነው። ዝርዝር አሰልቺ ሥራ ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጣት አሻራ መውሰድ ማንም ጎበዝ የማይባልበት ሥራ ነው። ሆኖም የሞተ ሰው ስም የሚቀጥለው፣ ልጅ የሌለው ባለ 6 ቤተሰብ የሚሆነው፣ መበለቷ «በሚቀጥለው ዙር» ተብላ የምትመለሰው እዚያ ነው። አባሎቻችን ከቀበሌ ወይም ከማንኛውም አካል ተዘጋጅቶ የመጣን ዝርዝር ቤት ለቤት ሳያጣሩ አይቀበሉም። ዝርዝሩ ሥርጭቱ ከመጀመሩ በፊት በሕዝብ ፊት በአካባቢው ቋንቋ ይነበባል፤ የቀረ ሰው አቤት የሚልበት ቀን ይሰጣል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች በማኅበረሰቡ እንዲለዩና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር መመሪያ አለው። ችግሩ ኮሚቴው ወረቀት ላይ ሲቀር፣ ወይም ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ቅሬታውን ሲሰሙ ነው። በዓይኑ ላላየው ሥርጭት የሚፈርም አባል በማኅበራችን ዘንድ ከሰረቀ ሰው እኩል ይጠየቃል። ይህ ውሳኔ ለአንዳንድ አባሎቻችን የበዛ መስሏቸው ነበር፤ እኛ ግን በሐሰት የተፈረመ ወረቀት ሌባው የሚያልፍበት በር ነው ብለን እናምናለን።

ገንዘብ፣ አበልና ወጪ

አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በቀድሞው አዋጅ ጣሪያው 30 ከመቶ ነበር። የገደቡ ዓላማ ተገቢ ነው። በተግባር ግን የሒሳብ ባለሙያዎቻችንን ዘወትር የሚፈትን ነገር ወልዷል፤ የቢሮ ኪራይ «የማኅበረሰብ ማዕከል» ይባላል፣ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ በ3 ፕሮጀክቶች ተከፋፍሎ «ቴክኒካዊ ድጋፍ» ይሆናል፣ ነዳጁ ሁሉ «ክትትል» ይባላል። ከእነዚህ አንዳንዱ እውነት ነው፤ ብዙው አይደለም። አባል የሒሳብ ሠራተኞቻችን ወጪን በሌላ ስም እንዲመዘግቡ ሲታዘዙ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ፤ በጽሑፍም ቢሆን እውነት ካልሆነ አይመዘግቡም። በሌላ በኩል ለጋሾችም ሆኑ ባለሥልጣኑ እንዲረዱልን የምንፈልገው አለ። ጥሩ ሒሳብ ያዥ፣ ጠንካራ የመጋዘን ኃላፊና የውስጥ ኦዲተር ወጪ ናቸው። እነርሱን የሚያስቀር በጀት ለተረጂው ብዙ ገንዘብ ያደረሰ ይመስላል፤ የሚያደርሰው ግን ለቀማኛ ነው።

ስለ ውሎ አበል ግልጽ መናገር ይገባናል፣ ምክንያቱም በዘርፉ ሁሉም የሚያውቀው ማንም በአደባባይ የማያነሣው ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ 2 ወር ሲቀረው ገንዘቡ አላለቀም ተብሎ በአዳማ ወይም በቢሾፍቱ ሆቴሎች ሥልጠና በሥልጠና ላይ ይደረደራል። ተሳታፊው ጠዋት ይፈርማል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ አይታይም፣ በመጨረሻው ቀን ለ5 ቀን አበል ተሰልፎ ይቀበላል። ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት ርእሱን ከቦርሳው ላይ ያነብላችኋል። ይህ የአንድ ሰው ብልግና ብቻ አይደለም። ያልዋለ ገንዘብ እንደ ድክመት የሚቆጠርበት፣ ገንዘቡን መልሶ ማስረከብ ሥራ አስኪያጁን የሚያስወቅስበት አሠራር አለ። ማኅበራችን ጥቅም ላይ የማይውል በጀት ለለጋሹ በጊዜ ማሳወቅንና መመለስን የሙያ ብቃት ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። አባሎቻችን ሥራውን ለማይመለከት ስብሰባ አበል አይቀበሉም፤ ለሌላ ሰው አይፈርሙም፤ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ የተጻፈ የሆቴልም ሆነ የነዳጅ ደረሰኝ አያቀርቡም፤ ከአንድ ነጋዴ በ3 ማኅተም የመጣ ፕሮፎርማ ለውድድር አያቀርቡም።

በዚህ ነገር ከዕድር እንማር እንላለን። የዕድር ገንዘብ ያዥ በወሩ ስብሰባ ገቢና ወጪውን ለመዋጮው ባለቤቶች በድምፅ ያነባል፤ ያልገባው እጁን አንሥቶ ይጠይቃል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውን ሲተረጉም ዕድርን አስወጥቶ፣ ከሕዝብ የተሰበሰበ ወይም ለሕዝብ ጥቅም የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድረውን ግን አካቷል። በሕግ ፊት ከዕድር ይልቅ እኛ የምንጠየቅ ሆነን ሳለ፣ ባለቤቶቹ ፊት ቆሞ ሒሳብ በማንበብ ግን ዕድር ይበልጠናል። አባሎቻችን የሚመሩት እያንዳንዱ ፕሮጀክት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጀቱንና ወጪውን በሥራው ቦታ፣ በተጠቃሚዎች ፊት፣ በአካባቢው ቋንቋ እንዲያነብ እንሠራለን። ደመወዛችንም ከሚነበበው ውስጥ ነው። በዚህ የሚሸማቀቅ አባል ካለ፣ ማፈሩ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ፎቶግራፍና የሰው ክብር

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ በዓለም ዙሪያ ታይቶ በገፍ እርዳታ አስመጣ። ብዙ ሕይወት ድኗል፤ ይህን አንክድም። ከዚያ ወዲህ ግን ኢትዮጵያዊ ሕፃን ዝንብ ወርሮት፣ ስሙ ሳይጠራ፣ ዓይኑን አቅንቶ የሚታይበት ምስል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ዓሥርት ዓመታት ተሻግሯል። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ በ10ኛው አንቀጽ፣ በአደጋ የተጎዱ ሰዎች ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲቀርቡ እንጂ ተስፋ የቆረጡ ፍጡራን ተደርገው እንዳይታዩ ተስማምቷል። ይህን ደንብ የፈረሙ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። የሥዕል ማኅደራቸውን መክፈት ግን ልዩነቱን ያሳያል።

ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነው። በስልክ እየተቀረጸ የሚሰጥ ምጽዋት፣ ዕርቃኑን የሚታይ ሕመምተኛ፣ «ለሰጪዎቹ አመስግኚ» ተብላ የምትጠየቅ አሮጊት በማኅበራዊ ሚዲያ ዕለት ዕለት እናያለን። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ላኩልን ብለው የሚጠይቁት ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው፤ ከዚህ ቀደም ገንዘባቸው ተበልቶባቸው ስለነበር አንፈርድባቸውም። የሚገባቸውን ማረጋገጫ ግን በሌላ መንገድ ልናቀርብላቸው እንችላለን፦ በሒሳብ፣ በደረሰኝ፣ ራሳቸው ወይም ዘመዳቸው መጥተው እንዲያዩ በር በመክፈት። ስንዴው ከመሰጠቱ በፊት «ፎቶ እናንሣሽ ወይ?» ተብላ የተጠየቀች እናት እሺ ብትል፣ እኛ ፈቃድ አንለውም። ፈቃድ የሚጠየቀው ከሥርጭቱ በኋላ፣ ሥዕሉ የት እንደሚወጣ ተነግሯት፣ እምቢ ማለቷ ምንም እንደማያስቀርባት ተረጋግጦላት ነው። የሕፃናት፣ የጥቃት ሰለባዎችና የሕሙማን ፊት አባሎቻችን አያወጡም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰበሰብነውን የጣት አሻራ፣ የጤና ሁኔታና ስልክ ቁጥር በሕግ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። ያ ዝርዝር በሠራተኛ የግል ስልክ፣ በቴሌግራም ቡድን ወይም በመኪና ወንበር ላይ መዋል የለበትም፤ በግጭት አካባቢ የተሳሳተ እጅ ውስጥ የገባ ስም ዝርዝር ሰው ያስገድላል።

ወሲባዊ ብዝበዛ

እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር የሚደረግ ግንኙነትን፣ የአካባቢው ሕግ ምንም ቢል፣ ከልክሏል፤ ዕድሜዋን አላወቅሁም ማለትም መከላከያ አይሆንም። በገንዘብ፣ በሥራ፣ በዕቃ ወይም በአገልግሎት ልውውጥ የሚመጣ ማንኛውም ግንኙነትም ክልክል ነው። አባሎቻችን በሙሉ ከዚህ ያነሰ ደንብ አይቀበሉም። ሾፌርም፣ ዘበኛም፣ ሥራ አስኪያጅም፣ ከውጭ የመጣ አማካሪም እኩል ይገዙበታል። በሄይቲ ከ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በኦክስፋም ሠራተኞች የተፈጸመው ወሲባዊ ብዝበዛ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲወጣ፣ ዓለምን ካስቆጣው አንዱ ሥራ የለቀቀ ኃላፊ በሌላ ድርጅትና በሌላ አገር ተቀጥሮ መገኘቱ ነበር። በአገራችንም «በጤና ተሰናብቷል» የሚል የሥራ ልምድ ወረቀት የስንቱን ገበና ሸፍኗል? ማስረጃ እያለ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጽፍ የሰው ኃይል ኃላፊ የጥፋቱ ተካፋይ ነው። አዲስ ሠራተኛ የሚቀጥሩ አባሎቻችን ያለፉትን 5 ዓመታት ቀጣሪዎች ስለ ጠባዩ በጽሑፍ እንዲጠይቁ፣ ተጠያቂዎቹም እውነቱን እንዲመልሱ እናስገድዳለን።

ወገንተኝነት

ባለፉት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በነበሩትና ባሉት ግጭቶች ሠራተኞቻችን መንገድ ላይ ተገድለዋል፣ ታግተዋል፣ ተዘርፈዋል። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ 3 የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች ተገድለዋል። ይህን ዋጋ የከፈሉ ባልደረቦች ያሉበት ሙያ፣ እርዳታን በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ ሚዛን የሚሰጥ ሰው ሊሸከም አይችልም። ቀን እህል ሲያድል ውሎ ማታ በፌስቡክ የአንድን ሕዝብ ሞት የሚመኝ ሠራተኛ «የግል አስተያየቴ ነው» ማለት አይችልም፤ ነገ ያ ሕዝብ ሰልፍ ላይ ይጠብቀዋል፣ ጽሑፉንም አንብቦታል። አባሎቻችን የፈለጉትን ፓርቲ የመደገፍ መብታቸው የተጠበቀ ነው። የጥላቻ ንግግር ግን ከአባልነት ያሰርዛል። በቅጥርም ላይ ያው ነው፦ ቢሮው የአንድ አገር ልጆች ብቻ ሲሆን ማስታወቂያው ቦርድ ላይ መለጠፉ አያድነውም።

ዝምታ የሚያስከፍለው

ከላይ ያልነውን ሁሉ መጻፍ ቀላል ነው። የሚከብደው አንድ ሰው ያየውን ሲናገር ነው። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሸፍነው ከባድ ቅጣት የሚያስከትሉ ወንጀሎችን ነው። የተጋነነ የአበል ዝርዝር ያጋለጠች ወጣት የሒሳብ ረዳት በዚህ ጥበቃ ውስጥ መግባቷ አጠራጣሪ ነው። ኮንትራቷ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል፤ ማንም «አባረርኩሽ» ሳይላት ውሉ ሳይታደስ ይቀራል። ስለዚህ ማኅበሩ ለመናገራቸው ሥራቸውን ላጡ አባላት ከመዋጮው የሚከፈል የደመወዝ ድጋፍ ያቋቁማል፣ ጠበቃም ያቆማል። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ያለ እርሱ ግን «ተናገሩ» ማለት ሌላውን ሰው ወደ እሳት መግፋት ይሆናል።

ሥራ የሚታጣው በመናገር ብቻ አይደለም፤ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ ሲቋረጥ በአገራችን በሺዎች የሚቆጠሩ የጤናና የእርዳታ ሠራተኞች በአጭር ማስታወቂያ ከሥራ ወጥተዋል። ብዙዎቹ አባሎቻችን ናቸው፤ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለባቸው። ጭንቀታቸው ጭንቀታችን ነው። እንዲያም ሆኖ ከሥራ የሚወጣ ባለሙያ የመጨረሻ ግዴታ አለበት፦ የሕሙማኑን ካርድ ለጤና ጣቢያው በሥርዓት ማስረከብ፣ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ቀጥሎ የት እንደሚሄድ በአካል መንገር፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ከቆጠራ ጋር ማስረከብ። ድርጅቶችም ፕሮጀክት ሲጀምሩ የሚያልቅበትን ቀን ለማኅበረሰቡ እንዲናገሩና ለመዝጊያው በጀት እንዲይዙ እንጠይቃለን።

ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ የዓመታዊ ሪፖርት ቅጹ ላይ ሒሳቡ ለተጠቃሚዎች የተነበበበት ቃለ ጉባኤ እንዲያያዝ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። የዘርፉ ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንቡን ለግለሰብ ባለሙያዎችም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች እንዲያዘጋጅ፤ ለጋሾችም ያልዋለ ገንዘብ የመለሰን ድርጅት በቀጣዩ ዓመት በጀት በመቀነስ እንዳይቀጡ እናሳስባለን።

ይህ መግለጫ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ አባል በግሉ አንብቦ ይፈርማል፤ የማያነብ አባል በሚገባው ቋንቋ ይነበብለታል። ቅሬታ የሚመረምረው ኮሚቴ 7 አባላት ሲኖሩት፣ 3ቱ ከአገልግሎት ተጠቃሚዎች ይመረጣሉ፤ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ ያልተገኘበት ስብሰባ ውሳኔ አይሰጥም። ያልፈረመ አባል በማኅበሩ አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በማኅበሩም ስም የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍለትም።